የሰሜን ተራሮች በእግር፦ ከደባርቅ የሚነሳው ጉዞ ሲመዘን

የፓርኩ መግቢያ ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ምዝገባው፣ አስጎብኚው፣ ስካውቱ (የታጠቀው የፓርክ ጠባቂ)፣ በቅሎውና የኪራይ ዕቃው ሁሉ እዚያው ይገኛል። ስካውት መያዝ ግዴታ ነው፤ ደግሞም ይገባል፤ ጉም ሲወርድ መንገዱን ከገደሉ የሚለየው እሱ ነው። በቅሎ ጫኞቹም ጎበዞች ናቸው። ልብስዎን ግን በላስቲክ ጠቅልለው ይስጧቸው፤ ጆንያ ዝናብ አይመልስም።

ደካማው ጎን የኪራይ ዕቃው ነው። የሚታደርባቸው የድንኳን ሰፈሮች ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ናቸው፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። የሚከራየው የመኝታ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ስስ ስለሆነ ሳይከፍሉ በፊት ዘርግተው ዚፑን ይሞክሩ፣ ብርድ ልብስም ይጨምሩ። ከሥር የሚነጠፈው ፍራሽ ከላዩ ልብስ እኩል ያስፈልጋል፤ ቅዝቃዜው ከመሬት ነው የሚመጣው።

ስንቅ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በግጭ ከፍታ ውኃ በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ ቶሎ አይበስሉም፤ ጋዝዎን ይጨርሳሉ። ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዋጣሉ። ከብት የሚጠጣበትን የምንጭ ውኃ ሳያፈሉ ወይም ማከሚያ ሳይጨምሩ አይጠጡ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር ይደሩ፤ በአንድ ቀን ግጭ መድረስ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ከግጭ ማለዳ ተነስቶ 3,926 ሜትር ላይ ወዳለው የገደል አፋፍ፣ እሜት ጎጎ፣ መውጣት የጉዞው ሁሉ ዋጋ ነው፤ ከረፋድ በኋላ ደመናው ገደሉን ይሸፍነዋል። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ጸጥታ በስልክ ያጣሩ።