ኤፕሰን ኤል 805፦ አንድ ፎቶ ስንት ብር ቀለም ይበላል?

ኤል 805 በስድስት ቀለም የሚያትም የፎቶ ፕሪንተር ነው፦ ጥቁር፣ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ላይት ሳያንና ላይት ማጀንታ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቤቱ ሆኖ ጉርድና የሠርግ ፎቶ ለማተም ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀለሙ ያዋጣል ወይ?» ብሎ ነው። ያዋጣል፤ ሥራ ለማይቋረጥበት ሰው።

ሒሳቡ ከጠርሙሱ ይጀምራል። አንዱ 70 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስድስቱ 420። አምራቹ በዚህ ቀለም 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ እስከ 1,800 ፎቶ ይወጣል ይላል፤ ለአንዱ ፎቶ 0.23 ሚሊ ሊትር ገደማ ደረሰው ማለት ነው። ስድስቱን ጠርሙስ በ9,000 ብር ገዛችሁ እንበል፤ አንዱ ፎቶ 5 ብር ቀለም በላ። በ9,000 ፋንታ የከፈላችሁትን አስገቡ። ለባለአራት ቀለሙ ኤል 3250 የሚነገረውን 4,500 እና 7,500 ገጽ ግን ለፎቶ ሒሳብ እንዳታመጡት። እሱ የተለካው አብዛኛው ወረቀት ነጭ በሆነ ሰነድ ነው፤ ፎቶ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል።

5 ብሩ መነሻ ነው። እውነተኛውን ወጪ ለማግኘት ስድስቱንም ታንክ እስከ ላይኛው መስመር ሙሉና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ግራም በሚለይ ሚዛን መዝኑ። 200 ፎቶ አትሙ፤ የተበላሸውን ከሚሸጠው አትቁጠሩት። ከዚያ ታንኮቹን እስከዚያው መስመር መልሳችሁ ሙሉና ጠርሙሶቹን እንደገና መዝኑ። የጎደለው ግራም ከሚሊ ሊትሩ ብዙም አይርቅም፤ ለሚሸጡት ፎቶዎች ቁጥር ስታካፍሉት አንዱ ፎቶ የበላው ይወጣል። በ100 ፎቶ መለካት አይበቃም፤ ከአንዱ ቀለም በአማካይ 4 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሚቀንስ መስመሩ ላይ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም።

ልኬቱ ከ0.23 በላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጽዳት ነው። አንድ ቀለም ብቻ ቢዘጋም ሄድ ክሊኒንግ (ቀለም የሚረጨውን ሄድ ቀለም ስቦ የሚያጸዳው ትእዛዝ) ከሁሉም ታንክ ይስባል፤ የተሳበውም ወደ ቆሻሻ ቀለም ስፖንጁ ይሄዳል። ስፖንጁ ሞላ ብሎ ቆጣሪው ካመለከተ ፕሪንተሩ ማተም ያቆማል፤ ባለሙያ ስፖንጁን መቀየርና ቆጣሪውን መመለስ አለበት። ስለዚህ ኖዝል ቼክ (የትኛው ቀለም እንደተዘጋ የሚያሳይ የሙከራ ወረቀት) ሳታወጡ ክሊኒንግ አትዘዙ። የኛ አካባቢ ሥራ ደግሞ ወቅት አለው፦ ለግሸን ንግሥ፣ ለመውሊድ፣ ለሠርግ ወራት ይጎርፋል፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል። በቀዘቀዘው ጊዜ ሳምንት ሳይሞላ ስድስቱም ቀለም ያለበት አንድ ትንሽ ፎቶ ማውጣት ከኋላ ክሊኒንግ ደጋግሞ ከማዘዝ ይረክሳል። በተለይ ኮምቦልቻና ከሚሴ ሙቀቱ ከደሴ ስለሚበረታ ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል።

መብራት መጥፋት ሌላው ነው። በሥራ ላይ እያለ ከጠፋ ሄዱ ማረፊያው ላይ ሳይደርስ፣ ክዳን ሳያገኝ ይቀራል፤ እዚያው ይደርቃል። መብራቱ እንደመጣ አብሩትና በራሱ ቁልፍ አጥፉት። ማከፋፈያውን ነቅሎ ማጥፋትም ያው ጥፋት ነው። ፕሪንተሩ ብዙ ኃይል ስለማይወስድ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የምታቆይ ባትሪ) ትበቃዋለች።

ቦርደርለስ (ያለ ነጭ ጠርዝ) ስታትሙ ምስሉ ከወረቀቱ አልፎ ይረጫል። በየጎኑ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢተርፍ 10 በ15ው 10.5 በ15.5 ሆነ፤ 8 ከመቶ ገደማ ቀለም ስፖንጅ ላይ ፈሰሰ። ለጉርድ ፎቶ አስፈላጊ አይደለም፦ 3 በ4 የሆነ ጉርድ ነጭ ጠርዝ ተትቶለት በአንድ 10 በ15 ላይ ዘጠኝ ይገባል፤ ለአንዱ ጉርድ የሚደርሰው ቀለም ከ60 ሳንቲም አይበልጥም። ኤፎር ወረቀት ለአራት ቆርጦ 10 በ15 አገኛለሁ የሚል ደግሞ ይሳሳታል። ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ይጎድላል። ፎቶውን ከመጀመሪያው በ14.8 አዘጋጁት።

ካርቶን ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ቀለም 1,800 አይሞላም፤ ከፊሉ ቱቦዎቹን ለመሙላት ይውላል።

ፒያሳም ሆነ ሌላ ቦታ ቀለም ስትገዙ ኮዱ 673 መሆኑን እዩ፤ የተተኪው የኤል 8050 ቀለም ሌላ ነው። ስድስቱን እኩል አትግዙ። የፊትና የሰማይ ፈዘዝ ያለ መልክ በሁለቱ ላይት ቀለሞች ስለሚሠራ ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው፤ ጥቁሩ ይቆያል። ከጥቁሩ አንድ ስትይዙ ከላይት ሳያንና ከላይት ማጀንታ ሁለት ሁለት ያዙ።