የኤሲ ጥገና፦ ሲበላሽ መጥራት፣ የጉልበት ውል ወይስ ዕቃ ጨምሮ?

ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ ላለ ሕንጻ የኤሲ ጥገና ዋጋ ሲጠየቅ የሚመጣው ፕሮፎርማ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፤ ሲበላሽ በጥሪ መምጣት፣ ለጉልበት ብቻ የሚከፈልበት የዓመት ውል፣ ወይም መለዋወጫ ጨምሮ የሚሸፍን ውል። የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይቶ ማወዳደር ያሳስታል። አንዱ 15 በመቶ ቫት ጨምሮ ሌላው ሳይጨምር መጻፉም የተለመደ ነው።

በጥሪ

አንድ ሁለት ስፕሊት (የቤት ውስጡና የውጭው ክፍል የተለያየ ኤሲ) ላለው ሱቅ ወይም ጸጉር ቤት ይበቃል። ፊልተሩን በወር አንዴ አውጥቶ ማጠብ ማንም ሊሠራው የሚችል ነው። ከተማችን አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ኤሲው ሁለት ቀን ቢቆም መስኮት ከፍቶ መዋል ይቻላል። የሰርቨር ክፍል ግን መስኮት የለውም፤ ለእሱ በጥሪ መተማመን አይሆንም።

በጥሪ የሚመጣ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚለው «ጋዝ አልቋል» ነው። ኤሲ ጋዝን እንደ መኪና ነዳጅ አይበላውም። ቱቦው ዝግ ነው፤ ጋዙ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ስለዚህ «በየዓመቱ ጋዝ እንሞላለን» የሚል ውል እንደ ጥቅም ሲቀርብልኝ፣ ፍሳሹን ፈልጎ የሚያገኘው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

የጉልበት ውል

ለአብዛኛው የቢሮ ሕንጻ እኔ የምመርጠው ይኼኛውን ነው፤ የዋና ዋና መለዋወጫዎች ዋጋ አብሮ ተያይዞ ከተፈረመበት። ባለሙያው በየሦስት ወሩ ይመጣል። መጥቶ ምን እንደሚሠራ ግን በውሉ በዝርዝር መጻፍ አለበት፤ «አጠቃላይ ሰርቪስ» የሚል ቃል የቤት ውስጡን ፊልተር አራግፎ መሄድንም ይሸፍናልና።

የውጭው ኮይል (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው የቱቦ ጥምዝ) መታጠብ አለበት። መሀል ከተማ የግንባታ አቧራ አላባራም፤ አቧራ የደፈነው ኮይል ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው ግፊቱ ይጨምራል፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ይግላል፣ የመብራት ሒሳቡም ይንራል። በዚያ ላይ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ሌላ ቦታ ችላ ቢባል የሚያልፍ ቆሻሻ እዚህ ቶሎ ይታያል።

ኮምፕረሰሩን ለማስነሳት የሚረዳው ካፓሲተርም በመሣሪያ ይለካ። ላዩ ላይ 35 ማይክሮፋራድ ተጽፎ 28 የሚለካ ካፓሲተር ገና ያስነሳል፤ ግን ኮምፕረሰሩን ይዞ ከመሄዱ በፊት መቀየር አለበት። የኮምፕረሰሩ አምፔር፣ የሚገባውና የሚወጣው አየር ሙቀት፣ የላላ ተርሚናል፣ የውኃ መውረጃው ቱቦ፣ እነዚህም በየጉብኝቱ ይታያሉ። ከጉብኝቶቹ አንዱ ሙቀቱ ሳይገባ የካቲት ላይ፣ ሌላው ጥቅምት ላይ ቢውል ጥሩ ነው። በጥቅምቱ የማሞቂያው በኩል ይሞከር፤ የኅዳር ጠዋት ብርድ ከገባ በኋላ አልሞቅ ቢል ሁሉም ይጮኻል።

ቱቦ ተከፍቶ ከተጠገነ ቫኪዩም መሳብ፣ ማለትም ውስጡ የቀረውን አየርና እርጥበት በፓምፕ ማውጣት፣ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ባለሙያውን መፈተን ይቻላል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ዜሮው በትክክል የተስተካከለ ባለ ቀስት ጌጅ ሙሉ ቫኪዩም ላይ እንኳ ከ-23 የሜርኩሪ ኢንች ገደማ አያልፍም። ሪፖርቱ «-30 ደርሷል» ካለ ወይ ጌጁ አልተስተካከለም፣ ወይ ቁጥሩ ከመጽሐፍ ተገልብጧል። ሥራውን የሚያውቅ ጥቃቅን ግፊትን በሚለካ የማይክሮን ጌጅ ለክቶ ከ500 ማይክሮን በታች መውረዱን ይጽፋል።

ዕቃ ጨምሮ

ውድ ነው። ለሆቴል፣ ለባንክ የዳታ ክፍልና ቪአርኤፍ (አንድ የውጭ ክፍል ብዙ የውስጥ ኤሲዎችን የሚያሠራበት ሥርዓት) ለተገጠመለት ሕንጻ ግን ያዋጣል፤ ለቪአርኤፍ ድርጅቱ የዚያ ብራንድ መመርመሪያ እንዳለው አስቀድመው ያረጋግጡ። ከዚያ መነበብ ያለበት «አይሸፍንም» የሚለው ገጽ ነው። ኮምፕረሰርና የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እዚያ ከተገኙ ውሉ ስሙ ብቻ ነው ዕቃ ጨምሮ። «በኤሌክትሪክ መዋዠቅ የደረሰ ጉዳት» የሚለውም እንዲሁ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርድ መቃጠሉን የማያውቅ የሕንጻ አስተዳዳሪ የለም። ወይ ይህ ይሰረዝ፣ ወይ የፌዝ መቆጣጠሪያ (መብራቱ ሲዛባ ኤሲውን የሚያጠፋ መሣሪያ) አስገጥመው ይደራደሩ።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አቅራቢው የዕቃ ዋጋ ሥጋቱን ደምሮ ነው ፕሮፎርማ የሚጽፈው። ስለዚህ ዕቃው አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ይኑር አይኑር፣ ካልኖረም በስንት ቀን እንደሚገባ በጽሑፍ ይያዝ። ኤሲዎቹ በአር-22 የሚሠሩ የቆዩ ከሆኑ ደግሞ በዚህ ውል ገንዘብ አያፍስሱ። በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ታዳጊ አገሮች ይህን ጋዝ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከጥቂት የጥገና መጠን በቀር ያስቀራሉ፤ ገንዘቡ ለአዲስ መሣሪያ ቢቀመጥ ይሻላል።

ከመፈረምዎ በፊት ለሌላ ደንበኛ የሠሩትን የሰርቪስ ሪፖርት፣ ስሙን ሸፍነው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። አምፔሩ፣ ሙቀቱና ማይክሮፋራዱ በቁጥር ከሰፈሩ በዋጋ ይነጋገሩ፤ ከላይ እስከ ታች የራይት ምልክት ብቻ ከሆነ ወደሚቀጥለው ፕሮፎርማ ይለፉ።