ያገለገለ መኪና የሰርቪስ ጥቅል፦ አስቀድሞ መክፈል ወይስ በየጊዜው?

ያገለገለ መኪና ሊገዙ በዋጋ ተስማምተው ፊርማ ላይ ሲደርሱ ሻጩ ሌላ ወረቀት ያወጣል፤ «የሦስት ዓመት ሰርቪስ አሁኑኑ ከከፈሉ በቅናሽ ነው» ይላል። ቅናሹ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ቅናሽ የተደረገበት ሥራ መኪናዎ በእነዚያ ሦስት ዓመታት የሚያስፈልገው ነው ወይ? ይህን ለማወቅ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንና የማኑዋሉን የጥገና ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለይ፤ የሰርቪስ ጥቅል ዋስትና አይደለም። ጥቅሉ የሚሸፍነው እንደ ዘይትና ፊልትሮ ያሉ፣ ጊዜያቸው አስቀድሞ የሚታወቅ ሥራዎችን ነው። ካምቢዮ ቢበላሽ ወይም ዳይናሞ ቢቃጠል አያገባውም። ሁለቱን ጠቅልለው በአንድ ዋጋ የሚያቀርቡ ስላሉ ዋጋቸው ለየብቻ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ከምኑ ጋር ያወዳድሩታል?

አንድ ዓይነት መኪና፣ ሁለት መልስ

ትንሹ ሰርቪስ (የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮና ፍተሻ) ዋጋው 100 ነው እንበል። ካንዴላ፣ የአየርና የነዳጅ ፊልትሮ የሚጨመርበት ትልቁ ደግሞ 250። ማኑዋሉ ትንሹን በየ15,000 ኪሎ ሜትር፣ ትልቁን በየ60,000 ያዛል፤ እርስዎ በዓመት 15,000 ይነዳሉ። የቀረቡት ጥቅሎች ሁለት ናቸው፦ «ሦስት የዘይት ሰርቪስ» በ270፣ «ማኑዋሉ የሚያዘው ሁሉ» በ380።

| | 52,000 ላይ ከተገዛ | 62,000 ላይ ከተገዛ |
|---|---|---|
| በሦስት ዓመት የሚደርሰው | በ60,000 ትልቁ፣ በ75,000 እና በ90,000 ትንሹ | በ75,000፣ በ90,000 እና በ105,000 ትንሹ |
| በየጊዜው ቢከፈል | 450 | 300 |
| የ270ው ጥቅል | 270 እና ለትልቁ 150 ጭማሪ፣ 420 | 270 |
| የ380ው ጥቅል | 380 | 380 |

የ10,000 ኪሎ ሜትር ልዩነት መልሱን ገለበጠው። ለመጀመሪያው መኪና ውድ የሚመስለው ጥቅል 70 ሲያተርፍ፣ ለሁለተኛው 80 ያከስራል።

የቀኙ ዓምድ ግን የሚሠራው የቀድሞው ባለቤት የ60,000ውን ሰርቪስ በእርግጥ አስደርጎ ከሆነ ብቻ ነው። ደረሰኝ ወይም ማኅተም የተደረገበት የሰርቪስ ደብተር ከሌለ እንዳልተደረገ ይቁጠሩት። መካኒክ አንድ ካንዴላ ፈቶ ቢያይልዎ ብዙ ይናገራል፤ ጫፉ ተበልቶ ክፍተቱ የሰፋ ከሆነ ትልቁ ሰርቪስ ገና ዕዳዎ ነው፣ በግዢው ዋጋ ላይም ሊደራደሩበት ይገባል። ኢሪዲየም ካንዴላ በብዙ ሞተሮች ላይ እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ስለሚቆይ ከመፍረድዎ በፊት ዓይነቱን ይዩ።

ጥቅሉ ውስጥ የማይገባው

ከሠንጠረዡ ውጪ የቀረ ትልቅ ወጪ አለ፤ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር በጊዜያቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው የሞተር ቀበቶ። እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ90,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ወይም ዕድሜው ሲደርስ ይቀየራል። በብዙ ሞተሮች ላይ ከተበጠሰ ፒስተኑ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫል፤ ከዚያ በኋላ ወጪው ከበርካታ ዓመት ሰርቪስ ይበልጣል። ሲቀየር መወጠሪያው፣ ቺንጋው የሚያዞረው ከሆነም የውሃ ፖምፓው አብረው ይቀየራሉ፤ የሚፈታው ያው ስለሆነ የእጅ ዋጋው አንድ ጊዜ ነው። አብዛኞቹ ጥቅሎች አይሸፍኑትም። ሞተሩ ባለ ሰንሰለት ከሆነ ይህ ስሌት የለም፤ ዘይቱ በጊዜው መቀየሩ ግን ይበልጥ ያስፈልጋል።

የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ዝናብ መጥረጊያና ፍሪሲዮንም ብዙውን ጊዜ ውጪ ናቸው። የካምቢዮ ዘይትና ኩላንት እንደ ውሉ ነው። የፍሬን ዘይት መካተቱን ግን በስሙ ይጠይቁ። ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ባይነዱም ይበላሻል፤ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፣ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን ይህ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር የሚያዙት።

ዘይት የሚበላ ሞተር ላለውም ጥቅሉ መፍትሔ አይሆንም፤ በሁለት ሰርቪስ መካከል የሚጨመረው ዘይት ከኪስዎ ነው።

አስቀድሞ የተከፈለበት ሥራ እንዴት ይሠራል?

በየጊዜው ሲከፍሉ ጋራዡ ካላስደሰትዎ ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ጥቅል ሲገዙ ይህን አቅም ለቀቁ። ጋራዡ ገንዘቡን አስቀድሞ ስለወሰደ ትርፉ የሚጨምረው ወጪ ሲቀንስ ነው፤ ሲንተቲክ ዘይት የሚፈልግ ሞተር ርካሽ ዘይት ይሞላለታል፣ የአየር ፊልትሮው ይነፋና ይመለሳል። የሁሉም ጋራዥ ጠባይ አይደለም፤ ማረጋገጡም ከባድ አይደለም።

መኪናውን ከማስረከብዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው የዘይት ፊልትሮው ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ትንሽ ምልክት ያድርጉ፤ የአየር ፊልትሮው ጠርዝ ላይም እንዲሁ። ሲረከቡ ምልክቱ እዚያው ካለ አልተቀየረም። ከዚያ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው ሞተሩ ከጠፋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ያውጡ፤ ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ቀረብ ብሎ መገኘት አለበት። ከላይኛው ማለፉም ጥፋት ነው፤ ሞተሩ ዘይቱን አረፋ ሊያደርገው ይችላል። በናፍጣ ሞተር ላይ ግን አዲስ ዘይት ቶሎ ስለሚጠቁር በቀለሙ ብቻ አይፍረዱ። ደረሰኙ ላይ የዘይቱ ቅጥነት (ለምሳሌ 5ደብሊው-30)፣ ማኑዋሉ የሚጠይቀው ደረጃና ስንት ሊትር እንደገባ ይጻፍ።

ጋራዡ ትርፉን የሚጨምርበት ሌላው መንገድ ከጥቅሉ ውጪ ተጨማሪ ሥራ ማግኘት ነው። «የፍሬን ሸራው አልቋል» ሲባሉ ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረ ይጠይቁ። አዲስ የዲስክ ፍሬን ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ይሆናል፤ 3 አካባቢ ሲደርስ ይቀየራል። 6 የቀረውን «አልቋል» ማለት ሽያጭ ነው።

ውሉ ላይ የሚነበበው

ጥቅሉ የመኪናው ነው ወይስ የገዢው? መኪናውን በሁለተኛው ዓመት ቢሸጡት ወይ ለአዲሱ ባለቤት መተላለፍ፣ ወይ ያልተጠቀሙበት መመለስ አለበት። ሁለቱም ከሌሉ አይግዙት። ሰርቪሱ በስንት ቀን ወይም በስንት ኪሎ ሜትር ቢዘገይ እንደሚቃጠል፣ የትኞቹ ጋራዦች እንደሚቀበሉት፣ የመለዋወጫ ዋጋ ቢጨምር ጭማሪው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይኑርዎ። ይህ የመጨረሻው የጥቅል ትልቁ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት ቦታ ዛሬ የተቆረጠ ዋጋ ከ10 በመቶ ቅናሽ ይበልጣል። አቧራማ መንገድና አጫጭር ጉዞ የሚበዛበት መኪና በማኑዋሉ «ከባድ አጠቃቀም» ሥር ይገባል፤ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ ጥቅሉ የሚቆጥረው ግን መደበኛውን ነው።

በእኛ ግምት ጥቅል የሚያዋጣው ታሪኩ የታወቀ፣ ትልቅ ሰርቪስ ከፊቱ ያለ መኪና ለገዛና ቢያንስ የጥቅሉን ዘመን ለሚይዘው ሰው ነው። 150,000 ያለፈ፣ ጥቂት የሚነዳ ወይም የሚያምኑት መካኒክ እጅ ያለ መኪና ከሆነ የዓመቱን ወጪ ለ12 ከፍሎ በየወሩ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ገንዘቡ ለፍሬን ሸራም ለባትሪም ይሆናል።

ጥቅሉን ከመኪናው ብድር ጋር ካዳበሉት ግን ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። 380 በዓመት 15 በመቶ ወለድ በ48 ወር ሲከፈል 508 ገደማ ይሆናል። 70 ያተርፋል የተባለው ጥቅል በየጊዜው ከመክፈል በ58 ይበልጣል።