ኮቦ ለጋራ የሽንት ሕመም ጥናት፦ አፑ ጥሩ ነው፣ ሰዓቱን ግን እናንተ አስተካክሉት

የደብረ ማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የሞጣና የባሕር ዳር ሐኪሞች «ካንሰር ባልሆነ የፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለ የወንዶች ዕጢ) እብጠት ላይ አንድ ጥናት አብረን እንሥራ» ብለው ቢነሱ መጀመሪያ የሚለያዩት በመዝገብ ነው። አንዱ በወረቀት ይይዛል፣ ሌላው በኤክሴል፣ ሌላው የታካሚው ካርድ ጥግ ላይ ጫር ያደርጋል። እንደምር ሲባል አይደመርም። ኮቦቱልቦክስ፣ ባጭሩ ኮቦ፣ ለዚህ የሚሆን የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ነው። መነሻው ሃርቫርድ ነው፣ ነፃ አካውንትም አለው፤ በወር የሚቀበለው ቅጽ የተወሰነ ቢሆንም ለጥቂት ሆስፒታሎች ተመላላሽ ክፍል ይበቃል።

ትልቁ ጥቅሙ ኮቦኮሌክት የሚባለው የአንድሮይድ አፕ ያለ ኔትወርክ መሥራቱ ነው። ፎርሙ አንዴ ስልኩ ላይ ከወረደ ኔትወርክ ለሳምንት ቢጠፋም ምዝገባው አይቆምም፤ ያለቀው ቅጽ ተቀምጦ ቆይቶ መስመር ሲመጣ ይላካል። ረቂቅ ሆኖ የተቀመጠ ግን አይላክም። ስልኩ ላይ እንደተኛ ይቀራል፣ ስልኩ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። በየሳምንቱ ዓርብ የረቂቁ ዝርዝር ባዶ መሆኑ ይታይ።

ፎርሙ የሚሠራው በኤክሴል ነው፤ ጥያቄው በአንድ ገጽ፣ ምርጫው በሌላ። ለፕሮስቴት ጥናት ቀድሞ የሚገባው አይፒኤስኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ መጠይቅ ነው፦ ስላለፈው 1 ወር የሚጠይቁ 7 ጥያቄዎች፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 5፣ ድምሩ እስከ 35። እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ 20ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ስምንተኛው ሕመሙ ኑሮን ምን ያህል እንዳከበደ ይጠይቃል፣ ከ0 እስከ 6፤ ከድምሩ ጋር አይቀላቀልም። አፑ ድምሩን ራሱ ያሰላል፤ አንድ መልስ ባዶ ከሆነ ግን ድምሩም ይበላሻል። ይህን ለማለፍ ባዶውን በ0 የሚተካ ቀመር የሚጨምሩ አሉ። ይህ ጥፋት ነው። 22 የሚሆነው ታካሚ አንድ ጥያቄ ስለተዘለለ ብቻ 18 ሆኖ ከከባዱ ወደ መካከለኛው ይወርዳል። ሰባቱንም ግዴታ አድርጎ «መመለስ አልቻሉም» የሚል ምርጫ ለብቻው መስጠት ይሻላል፤ የዚያ ምርጫ ኮድ (ምርጫው ዳታው ውስጥ የሚመዘገብበት ቁጥር) 99 ከሆነ ደግሞ ድምሩ ውስጥ እንዳይገባ ቀመሩ ይከልክለው።

ዋናው ጣጣ ሰዓት ነው። ከመጠይቁ ጋር የሚሄደው የ3 ቀን የሽንት መዝገብ የእያንዳንዱን ሽንት ሰዓትና መጠን ይፈልጋል። ታካሚው «ሌሊት 8 ሰዓት» ይላሉ፤ መዝጋቢው የአፑን ሰዓት ከፍቶ 8:00 ይሞላል፤ ኮምፒውተሩ ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። የሌሊቱ ሽንት የቀን ሆነ ማለት ነው። ከአንዱ ሆስፒታል በሐበሻ፣ ከሌላው በፈረንጅ ሰዓት ተሞልቶ ከተቀላቀለ በኋላ የሚለየው ሰው የለም። ስለዚህ የሰዓት ጥያቄውን ጭራሽ አውጥታችሁ ሁለት ጥያቄ ተኩበት፦ ቀን ወይስ ሌሊት፣ ከዚያ ከ1 እስከ 12 ቁጥር። ወደ ፈረንጅ ሰዓት የሚቀይረው ቀመር እንዲህ ነው፦ 12 ከሆነ 0 ተብሎ ይወሰዳል፤ ለቀን 6፣ ለሌሊት 18 ይደመራል፤ ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ይቀነሳል። ሌሊት 8 ሲደመር 26፣ ሲቀነስ 2። «ሰኞ ሌሊት» የሚለውም ያከራክራል፤ ለሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ለማክሰኞ? ጥያቄው «ለየትኛው ቀን አጥቢያ?» ተብሎ ይጻፍ።

በቀን አቆጣጠር በኩል ኮቦ ደግ ነው። አፑ ላይ የኢትዮጵያን ካሌንደር ማዘዝ ይቻላል፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ተብሎ የተሞላው ሰርቨሩ (ዳታው የሚጠራቀምበት ኮምፒውተር) ላይ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ሆኖ ይቀመጣል። ፎርሙ በኮምፒውተር ብራውዘር ሲከፈት ግን ካሌንደሩ አይመጣም፤ ስለዚህ በስልክ ብቻ ይሞላ።

ቃሉንም አስቡበት። «ሌሊት ስንት ጊዜ ውጭ ይወጣሉ?» ጨዋ አጠያየቅ ነው፤ ዓይነ ምድርንም አብሮ ይቆጥራል እንጂ። «ለውሃ ሽንት ብቻ» መባል አለበት። «ያጣድፍዎታል?» ሲባል ደግሞ ቶሎ ቶሎ መሽናትን የሚረዱ አሉ፤ የተፈለገው ሽንት ሲመጣ ለመያዝ መቸገር ነው። ፊደል ላልቆጠሩ አባቶች በደቡባዊ አፍሪካ የተዘጋጀ የሥዕል መጠይቅ አለ፤ የሽንቱን ጉልበት በሥዕል ስለሚያሳይ ቃል አያጨቃጭቅም። ኮቦ ሥዕልን ከምርጫ ጋር ስለሚያያይዝ በዚህ በኩል አይቸግርም።

መጠኑ የሚለካው የሚሊ ሊትር ምልክት ባለው ጆግ ነው፤ ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ዓይነት ይሰጥ። የጠጡት በጣሳ፣ በብርሌ፣ በሻይ ብርጭቆ ስለሚነገር የእያንዳንዱ ዕቃ ልክ አስቀድሞ በውኃ ተለክቶ ፎርሙ ውስጥ ይግባ። ከመኝታ በኋላ የተሸናውና የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ተደምረው፣ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ በሆኑት ላይ ከ24 ሰዓቱ 33 በመቶ ካለፉ፣ ሌሊት የሚያስነሳቸው ፕሮስቴቱ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሌሊቱ ሽንት ራሱ በዝቷል። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ሳይጠጡ ቆይተው ማታ የሚጠጡ ሰዎች መዝገብ በፋሲካ ሰሞን ከተሞላው ጋር አይወዳደርም። «ዛሬ ጾመኛ ነዎት?» የምትል አንድ መስመር ይህን ትፈታለች።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር የተላከ ታካሚ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር የካርድ ቁጥር አይረዳም፣ በየሆስፒታሉ ይለያያልና። ለጥናቱ ብቻ የሚሆን ቁጥር ያለበት ካርድ ለታካሚው ይሰጥ፤ ባርኮድ ካለው አፑ በካሜራ ያነበዋል። ስም ፎርሙ ውስጥ አይግባ። መረጃውን በዲጂታል ቁልፍ መቆለፍ ይቻላል፤ ቁልፉ ከጠፋ ግን ዳታው አይመለስም፣ ስለዚህ ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

በ2004 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሬድካፕ የተባለው ሌላ የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ተመላልሶ ለሚመጣ ታካሚ ይበልጣል፤ የአንዱን ሆስፒታል ዳታ ከሌላው ዓይንም ይጋርዳል። ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማት ነፃ ነው፤ ሰርቨርና ሰርቨሩን የሚጠብቅ ሰው ግን ይጠይቃል። ሁለቱም ያሉት ዩኒቨርሲቲ ቢጠቀምበት ይመረጣል።

ፎርሙ ከመሰራጨቱ በፊት 10 ታካሚ ይመረጥና እያንዳንዱ በሁለት ሆስፒታል መዝጋቢዎች ለየብቻ ይጠየቅ። በአይፒኤስኤስ ድምር ላይ 3 ነጥብ ያህል ለውጥ ታካሚው ራሱ «ተሻለኝ» የሚልበት መጠን ነው፤ የሁለቱ መዝጋቢዎች ድምር በዚያ ያህል ከተራራቀ ጥያቄው እንደገና ይጻፍ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የምርጫ ኮድ አይነካም፤ ከተነካ የድሮውና የአዲሱ መልስ በአንድ ቋንቋ አይነበብም።