ቱሉ ዲምቱ ያለችው ትኬት ቢሮ

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ሳይደርሱ፣ መድኃኒት ቤቱ ያለበት ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ናት። ሁለት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ፣ የሚወዛወዙ የፕላስቲክ ወንበሮች። ለእናቴ የዋሽንግተን ትኬት የቆረጥኩት እዚያ ነው። በዋጋ ከመሀል ከተማ አትለይም፤ የምጽፈው ትኬቱን ስለቆረጠችልን ልጅ አሠራር ነው።

ስልኬ ላይ ያለው የርቀት ማስያ ከቦሌ እስከ ዳለስ፣ የዋሽንግተኑ ኤርፖርት፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ብሎ፣ ለአውሮፕላን ፍጥነት አካፍሎ 13 ሰዓት ተኩል ሰጥቶኛል። ሳሳያት፣ «እሱ ለመመለሻው ይሠራል» አለች። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል አውሮፕላኑ ሰውና ነዳጅ ጢም ብሎ አይነሳም። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ቀደም ሲል ደብሊን ያርፍ ነበር። ሲመለስ ዳለስ ቆላ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፤ በቀጥታ ይመጣል። ካርታው ላይ በጣቷ እያሳየች ስታስረዳ እናቴ ከእኔ ቀድማ ገባት።

ከዚያ ወረቀት አወጣች። ትኬቱ ላይ 22:30 የሚለውን «ከምሽቱ 4:30» ብላ በትልቁ ጻፈች። «እማማ፣ እዚያ ሲደርሱ በእነሱ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ እዚህ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ነዳጅ ሲቀዳ አይወርዱም፣ ቁጭ ብለው ይጠብቁ።» መሄጃው በጠቅላላ 16 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። እናቴ የደም ግፊት ኪኒኗን በሰዓቱ ስለምትውጥ፣ ከሐኪሟ ጋር የተነጋገርነው በዚያ ወረቀት ነው። በክረምታቸው ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ሰዓት እንደሚሄድም ከጎኑ ጽፋልናለች፣ መመለሻዋ ታኅሣሥ ስለሆነ።

የጾም ምግብ ሳንጠይቃት አስመዘገበች። ዊልቸር ልያዝልዎት ስትላት ግን እናቴ ተቆጣች፤ «እኔ ምን ሆንኩና!» ጉልበቷን ይዛ ደረጃውን እንዴት እንደወጣች ያየ ሰው ይፍረድ። ተያዘላት።

ከቤት መውጫውንም አሰላችልን፦ የቃሊቲ የጭነት መኪና ሰልፍ አይታመንም፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ውጡ አለች። ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው ኤርፖርት ሲያልቅ ለእኛ ለዚህ ሰፈር ሰዎች መንገዱ ይገለበጣል፤ የአዳማ የፍጥነት መንገድ ከደጃችን ይጀምር የለ?

የማይመቸው፦ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የላቸውም፣ ሥራው ይቆማል። ምሳ ሲወጡ በሩን ቆልፈው ሲሄዱ አንዲት ማስታወቂያ አይለጥፉም፤ ደረጃው ላይ ከሌሎች ሰዎች ጋር ተቀምጠን ጠብቀናል። ቀን ለመቀየር የሚከፈለውንም እኔ ጠይቄ ነው የነገሩኝ። ጠዋት ሂዱ፣ ፓስፖርቱን ዋናውን ያዙ፣ ካርታው አጠገብ ያለችውን ልጅ ጠብቁ፤ ሌላኛው ጠረጴዛ ትኬት ይቆርጣል እንጂ አያስረዳም።