ሰን-ደኒ ወይስ ሰን-ዠርማን-አን-ሌ?

ሁለቱም የፓሪስ ዳርቻ ከተሞች ናቸው፤ በሁለቱም የነገሥታት አሻራ አለ። ሉዊ 14ኛ በ1638 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ባለችው ሰን-ዠርማን ተወለደ፤ የተቀበረው ግን በሰሜኗ ሰን-ደኒ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ምርጫችን ሰን-ደኒ ናት። አበምኔት ሱዤ ያሳነጸው የባዚሊካው (ነገሥታቱ የተቀበሩበት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን) መቅደስ በ1144 ተመረቀ፤ የጎቲክ (በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተስፋፋው) ሥነ ሕንጻ ልደት የሚባለውም ይኸው ነው። ሹል ቅስቶቹ የጣሪያውን ሸክም ወደ ዓምዶቹ ስላወረዱት ግድግዳው ለባለቀለም መስታወት ቦታ አገኘ። የሉዊ 12ኛ መቃብር ዘንድ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ አስከሬኑ እንዳይፈርስ ተከፍቶ የተሰፋበት ስፌት ሳይቀር በእብነ በረድ ተቀርጿል። በ1793 የፈረንሳይ አብዮተኞች የነገሥታቱን አፅሞች አውጥተው በጋራ ጉድጓድ ጣሏቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካ መጣ፣ ሠራተኛው ተከተለ፤ የከተማዋ የሠራተኛና የስደተኛ መልክ የጀመረው ያኔ ነው።

ሰን-ዠርማን ጸጥተኛና ባለጸጋ ናት። የ1837ቱ ባቡር ዳገቱ ሥር “ለ ፔክ” በተባለች ከተማ ይቆም ነበር፤ ሽቅብ የወጣው በ1847፣ አየር በሚመጥ ቧንቧ እየተሳበ ነው። የአትክልት ነዳፊው የለ ኖትር ሰገነት (የእግር መንገድ ያለው ከፍ ያለ እርከን) ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው።

ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው መንገዱ ላይ ነው። ወደ ሰን-ደኒ የሚወስደው ሜትሮ 13 ላ ፉርሽ ላይ ለሁለት ስለሚከፈል የባቡሩን ግንባር ያንብቡ። ወደ ሰን-ዠርማን የሚሄደው የከተማ ዳርቻ ፈጣን ባቡር፣ ኤር-ኧ-ኤር “ኣ” (RER A)፣ እሱም ወደ ሰርዢና ፖዋሲ የሚታጠፉ ቅርንጫፎች አሉት።