የሞተር ሳይክል መሪ ሲቀየር፦ ሶኬት መንቀል ወይስ ማብሪያውን ከፍቶ ማውጣት?

መሪውን ለመቀየር እጀታው አጠገብ ያሉት ማብሪያዎች መነሳት አለባቸው። መንገዱ ሁለት ነው።

ማብሪያውን ከፍቶ ማውጣት፦ ብዙ ጊዜ ሁለት ብሎን ፈትቶ ሁለቱን ግማሾች መለያየት ብቻ ነው። ካቻቪቴ ይበቃል። የተንጠለጠለው ማብሪያ ሽቦውን እንዳይጎትት ግን በጨርቅ ደግፉት።

ሶኬት (የሽቦዎቹን መገጣጠሚያ) መንቀል፦ ጊዜ ይበላል። ሶኬቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የፊት መብራቱ ቤት ውስጥ ወይም በነዳጅ ታንኩ ሥር ተደብቀዋል። በቅድሚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፤ ከዚያ የሽቦዎቹን አገጣጠም ፎቶ አንሱ። («አስታውሰዋለሁ» ማለት አያዋጣም።) የሶኬቱን መቆለፊያ ምላስ ተጭናችሁ ሶኬቱን ራሱን ሳቡ። ሽቦውን የሳበ ሰው የውስጡን ጫፍ ነቅሎት ያርፋል፤ ብልሽቱም የሚታወቀው ፍሬቻው እንቢ ሲል ነው።

ሽቦው ከመሪው ውጭ ከታሰረና አዲሱ መሪ ከአሮጌው ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ማብሪያውን ከፍቶ ማውጣት ይቀላል፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ሽቦው በመሪው ቧንቧ ውስጥ ካለፈ ግን ሶኬት ሳይነቀል አይሆንም። መሪው በጣም ከፍ ካለም ሽቦው ላይደርስ ስለሚችል፣ መቀጠያ ሽቦ የሚገባው እዚያው ሶኬቱ ጋ ነው።

በሁለቱም መንገድ የፍሬን ዘይት ዕቃውን ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ከተገለበጠ አየር ይገባበታል።